ዋትስአፕ፣ ቴሌግራም ወይስ ኢሞ? ከአገር ቤት እስከ ባሕር ማዶ ለሚደዋወል ቤተሰብ

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። ለመደወል ዋትስአፕ፤ ፎቶ፣ ቪዲዮና ሰነድ ለመላላክ ቴሌግራም፤ ኢሞ ደግሞ ቤተሰቡ ለምዶት ሌላ መክፈት አልሆን ካለው ብቻ። ሦስቱም በነፃ ይጫናሉ፣ በስልክ ቁጥር ይከፈታሉ፣ አገር ቤትን ከጅዳ፣ ከቤይሩት፣ ከቴል አቪቭና ከዋሽንግተን ያገናኛሉ። ልዩነታቸው የሚወጣው ኔትወርክ ሲደክም፣ ስልክ ሲሞላና ሲም ሲጠፋ ነው፤ የመዘንናቸውም በዚያ በኩል ነው።

ምርጫው መጀመር ያለበት ከቤተሰቡ ሁሉ ደካማ ስልክ ከያዘው ሰው ነው። ውጭ ያለው ልጅ የፈለገውን አፕ ይጭናል። ደጀን ያሉት እናት እጅ ያለው ስልክ ግን 16 ወይም 32 ጊጋባይት የሚይዝ፣ ግማሹን ራሱ ሲስተሙ የበላው፣ ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ የመጣ ሊሆን ይችላል። በቅድሚያ ሴቲንግ ውስጥ «አባውት ፎን» ገብቶ የአንድሮይዱን ቁጥር ማየት ነው። ዋትስአፕ ከ2025 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወዲህ ከአንድሮይድ 5 በታች በሆነ ስልክ ላይ አይሠራም። ቁጥሩ በ4 የሚጀምር ከሆነ አፑን እየሰረዙ መልሶ መጫን ካርድ መጨረስ ነው፤ ስልኩ ራሱ ነው መቀየር ያለበት።

ቀጥሎ ዳታ። የድምፅ ጥሪ በደቂቃ ከግማሽ እስከ አንድ ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ ቪዲዮ ደግሞ እንደ መስመሩ ጥራት ከአራት እስከ ስምንት። ግማሽ ሰዓት በድምፅ ማውራት ከ15 እስከ 30 ሜጋባይት ሲሆን፣ ያው ግማሽ ሰዓት በቪዲዮ ከ120 እስከ 240 ይደርሳል። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር እዚህ ላይ አለ፦ «የደወለችው እሷ ናት፣ ሒሳቡም የእሷ ነው» የሚለው የድሮ ስልክ ሕግ በኢንተርኔት ጥሪ ላይ አይሠራም። ዳታው ከደዋዩም ከተደዋዩም እኩል ይቀነሳል። ከኩዌት በቪዲዮ የምትደውል ልጅ ሳታውቀው የእናቷን ጥቅል እየጨረሰች ነው። ስለዚህ ፊት ለመተያየት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ ከዚያ ካሜራውን አጥፍቶ ጨዋታውን መቀጠል። ጥሪው አይቋረጥም።

ከሁሉም ርካሹ ቮይስ ነው። የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ከሩብ ሜጋባይት ብዙም አያልፍም፤ ኔትወርክ ሲመጣ ይገባል፣ ደግሞ ደጋግሞ ይሰማል። ማንበብ ለሚቸገሩ ወላጆች ከጽሑፍ ይበልጣል። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ሰዓት ስልክ መያዝ በማይችሉበት ቤት፣ ማለትም ሠራተኛዋ ስልኳን የምታገኘው ሌሊት ብቻ በሆነበት ሁኔታ፣ ከማንኛውም ጥሪ የተሻለ መላ ነው።

የዋትስአፕ ብልጫ ደካማ መስመር ላይ ጥሪን ይዞ መቆየቱ ነው። ሴቲንግ፣ «ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ»፣ «ዩዝ ለስ ዳታ ፎር ኮልስ» የሚለውን በሁለቱም ስልኮች ላይ ማብራት ነው፤ ድምፁ ትንሽ ይደበዝዛል፣ መቆራረጡ ግን ይቀንሳል። እዚያው ገጽ ላይ «ሚዲያ አውቶ ዳውንሎድ» አለ፤ በሞባይል ዳታ ከሚለው ሥር ፎቶ፣ ኦዲዮ፣ ቪዲዮና ዶክመንት አራቱንም ማጥፋት። ቮይስ ይህ ቢጠፋም በራሱ ስለሚወርድ የሚቀር ነገር የለም። የሠርግ ቪዲዮ ሳይጠይቅ ወርዶ የሳምንቱን ጥቅል ከመጨረሱ በፊት ይህ መደረግ አለበት።

በጣም የሚበዛው ቅሬታ ግን «ስደውል አያነሱም» የሚለው ነው። ስልኩ አጠገባቸው ሆኖ አይጠራም፤ አፑን ሲከፍቱት ሦስት አራት ሚስድ ኮል ይዘረገፋል። ጥፋቱ የባትሪ ቁጠባው ነው። አገር ቤት በብዛት የሚገኙት ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ከስክሪን የወረደን አፕ ከጀርባ ይዘጉታል። የዋትስአፕን ምልክት ጫን አድርጎ ይዞ «አፕ ኢንፎ» መግባት፣ «ባትሪ» ላይ «አንሪስትሪክትድ» የሚለውን መምረጥ፤ ቀጥሎ «ፎን ማስተር» በሚባለው አብሮ በሚመጣ አፕ ውስጥ «አውቶ ስታርት» ጋ ለዋትስአፕ መፍቀድ። የምናሌው ስም ከሞዴል ሞዴል ትንሽ ይለያያል፤ ባትሪና አውቶ ስታርት የሚሉትን ሁለት ቃላት መፈለግ ይበቃል። ልጆች «ስልክ ላፍጥን» እያሉ የሚነኩት የማጽጃ ቁልፍም ያንኑ ጉዳት ያደርሳል።

ሁለተኛው ችግር ማንሳቱ ላይ ነው። ስክሪኑ ተቆልፎ ሳለ ሲጠራ አረንጓዴውን ክብ ወደ ላይ መሳብ ያስፈልጋል። እናቶች ግን ይነኩታል፤ ቢነኩት ቢነኩት አይከፈትም፣ ጥሪው ያልፋል። ስልኩ ክፍት እያለ ሲደወል ደግሞ ከላይ ትንሽ ሰሌዳ ብቅ ትላለች፤ እዚያ ላይ መንካት እንጂ መሳብ የለም። አንዱ አፕ ሁለት ዓይነት አነሳስ ስላለው ሰው ግራ ቢጋባ አይገርምም። ከማስረዳት ይልቅ አጠገባቸው ያለ ሰው በአንድ ከሰዓት አሥር ጊዜ እየደወለ በጣታቸው ቢያለማምዳቸው ይሻላል፤ ጣት ከጆሮ ይልቅ ቶሎ ይማራል።

ሦስተኛው ብዙ ባለሙያ ነኝ ባይ የማይደርስበት ነው፦ የስልኩ ቀን። አንዳንድ ሰው ስልኩን በእኛ አቆጣጠር ይሞላዋል፤ ዓመቱ በሰባት ወይም በስምንት ወደኋላ ይቀራል፣ ሰዓቱም በስድስት ይዛነፋል። ያን ጊዜ ዋትስአፕ ቀኑ የተሳሳተ መሆኑን የሚገልጽ መልእክት በእንግሊዝኛ አውጥቶ አልከፈት ይላል፤ ብሮውዘሩም እየተነጫነጨ ገጾችን ይከለክላል። መልእክቱን የሚያነብ ሰው ከሌለ «አፑ ተበላሸ» ተብሎ ይሰረዛል፣ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ካልነበረ የቆየው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ሴቲንግ ውስጥ ቀንና ሰዓትን «አውቶማቲክ» ማድረግ ይፈታዋል። በዓላትን ለማየት የኢትዮጵያ የቀን መቁጠሪያ አፕ ለብቻው ይጫንላቸው።

ቴሌግራም አገር ቤት ከሁሉም ይልቅ የሚታወቀው ነው። ዜናው፣ ፈተናው፣ ገበያው፣ ትምህርቱ እዚያ ስላለ ሰው ቀድሞ የሚከፍተው እሱን ነው። ለቤተሰብ የሚጠቅመው ደግሞ ሁሉን ነገር በራሱ ሰርቨር ላይ ማስቀመጡ ነው። ስልክ ቢሰበር፣ አዲሱ ላይ በዚያው ቁጥር ሲገቡ ፎቶውም ወሬውም እንዳለ ይጠብቃል። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይልካል። የክርስትና ወይም የምርቃት ፎቶ ሳይደበዝዝ እንዲደርስ ከተፈለገ እንደ ፎቶ ሳይሆን «ፋይል» በሚለው በኩል መላክ ነው፤ የትምህርት ማስረጃና የፓስፖርት ቅጂም እንዲሁ። በተራው መንገድ የተላከ ሰነድ ሲታተም ፊደሉ የሚጨመላለቀው ተጨምቆ ስለሚሄድ ነው።

ክፋቱ ስልክ መሙላቱ ነው። አንድ ሰው አሥራ አምስት ቻናል ከተከተለ ያየው ሁሉ ስልኩ ውስጥ ይከማቻል። ሴቲንግ፣ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ»፣ «ስቶሬጅ ዩሴጅ» ገብቶ ካሹን (ስልኩ ውስጥ የተከማቸውን ጊዜያዊ ቅጂ) ማጽዳት፣ ለወደፊቱም «ኪፕ ሚዲያ» የሚለውን 3 ቀን ወይም 1 ሳምንት ላይ ማድረግ። ከስልኩ የተጠረገው ሰርቨሩ ላይ ስላለ ሲፈለግ እንደገና ይወርዳል። ዋትስአፕ ላይ ግን ይህን ማድረግ አይቻልም፤ እዚያ ከስልክ የጠፋ ፎቶ፣ ባክአፕ ውስጥ ካልገባ፣ ጠፋ ማለት ነው። ሁለቱን አፖች በአንድ እጅ የሚያጸዱ ሰዎች የቤተሰብ ፎቶ የሚያጡት እዚህ ጋ ነው።

ስለ ምስጢርም መታወቅ ያለበት አለ። ዋትስአፕ ላይ የሚላከውን መልእክት ድርጅቱ ራሱ ማንበብ አይችልም። የቴሌግራም ተራ ቻትና ግሩፕ እንደዚያ አይደለም፤ የሚቆለፈው «ሲክሬት ቻት» የተባለው ብቻ ነው፣ እሱም ለሁለት ሰው እንጂ ለግሩፕ አይሆንም። ሁለት ሰው በቴሌግራም ሲደዋወል ግን ጥሪው የተቆለፈ ነው፤ በጥሪው ላይ የሚታዩት አራት ትናንሽ ሥዕሎች በሁለቱም ስልክ አንድ ከሆኑ መሐል ላይ የገባ የለም ማለት ነው።

በቴሌግራም ብቻ የሚተማመን ቤተሰብ የ2015 ዓ.ም.ን አይርሳ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ ድረስ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ኢትዮጵያ ውስጥ ተዘግተው ነበር። ሁለተኛ መንገድ ያዘጋጀ ሰው በዋትስአፕ ቀጠለ፤ ያላዘጋጀ ቪፒኤን (የተዘጋን አፕ በሌላ መንገድ የሚያስከፍት አፕ) ፍለጋ ገባ። ያው ዓመት ሳይርቅ አማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ አፖቹ ሁሉ እኩል ዝም አሉ። ለእንዲህ ያለው ቀን የጎረቤትና የቀበሌ ዘመድ ተራ ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ከሁለቱም ወገን መቀመጥ አለበት። ስልክ ውስጥ ብቻ ያለ ቁጥር ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ወደ ኢሞ። አረብ አገር ከኖረ ሰው ጋር የሚደዋወል ቤተሰብ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለመለመዱ አንዱ ምክንያት የዋትስአፕ ጥሪ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለዓመታት ሲዘጋና ሲከፈት መኖሩ ነው። በደካማ መስመር ላይ ቪዲዮው አያሳፍርም። ነገር ግን ማስታወቂያው ብዙ ነው፣ ከጥሪ በኋላ ዘልሎ ይወጣል፤ ልጅ ወይም አዛውንት ሳያስቡት ይነኩታል። ከማይታወቅ ሰው ጋር የሚያገናኙ ክፍሎችም በውስጡ አሉ። አስራ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ የሚተው አፕ አይደለም። የግድ ከሆነ «ፕራይቬሲ» ውስጥ ገብቶ ማን ሊደውል፣ ማን ወደ ግሩፕ ሊጨምር እንደሚችል ለሚታወቅ ሰው ብቻ መወሰን። ከሦስቱ ዝቅ ያለ ነጥብ የሰጠነው በዚህ ምክንያት ነው።

የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ነገር ለብቻው ይታይ። እዚያ የዋትስአፕ ጽሑፍና ቮይስ ይሄዳል፤ ጥሪው ግን አይሠራም። የተፈቀደው እንደ ቦቲም ያለው አፕ ነው፣ ስለዚህ ዱባይ ወይም አቡዳቢ ያለ ዘመድ ካለ አገር ቤት ባለው ስልክ ላይም ቦቲም መጫን ይኖርበታል። «ቪፒኤን ጫኚና ደውዪ» የሚል ምክር ቀላል ይመስላል፤ የአገሪቱ የ2021 (እ.ኤ.አ.) የሳይበር ሕግ ግን በቪፒኤን ተሸሽጎ ወንጀል ለሚፈጽም ከ500 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ቅጣት አስቀምጧል። በአሠሪ ስፖንሰርነት ያለች ልጅን ወደዚህ መገፋፋት አይገባም። ሳውዲ በበኩሏ በመስከረም 2010 ዓ.ም. የኢንተርኔት ጥሪ እገዳዋን ብታነሳም ዋትስአፕ ያኔ ወዲያው አልተከፈተም ነበር። ወደ የትኛውም አገር የሚሄድ ሰው ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ ሁለት አፕ በሁለቱም ወገን ተጭኖ፣ ተሞክሮ ይሂድ።

አሁን ደግሞ አፑን ሳይሆን ሰው የሚጣላበትን እንይ። ሚርካ ማዲያኑና ዳንኤል ሚለር የተባሉ ተመራማሪዎች እንግሊዝ የሚሠሩ ፊሊፒናውያን እናቶችንና አገር ቤት የቀሩ ልጆቻቸውን አጥንተው፣ «ፖሊሚዲያ» የሚል ሐሳብ ይዘው ወጥተዋል። ነገሩ ሲፈታ ይህ ነው፦ ደውሎ ማውራት፣ መጻፍ፣ ፎቶ መላክ ሁሉ በእጅ ሲሆንና ዋጋው ሲረክስ፣ በየትኛው እንደተጠቀምክ ራሱ መልእክት ይሆናል። መደወል እየቻለ የጻፈን ሰው ይታዘቡታል። እናቶቹ በየቀኑ መደወላቸው እናትነታቸውን ሲመልስላቸው፣ ከልጆቹ አንዳንዶቹ ግን እንደ ቁጥጥር ያዩት ነበር። ለእኛ ቤተሰብ ሐሳቡ በግማሽ ይሠራል። ዋሽንግተን ያለው ዳታ አያሳስበውም፤ አገር ቤት ያለው ግን በጥቅሉ ልክ ነው የሚመርጠው። ስለዚህ ቪዲዮ ያልከፈተ ወንድም አኩርፎ ላይሆን ይችላል፤ ካርድ አልቆበት ይሆናል። አንዱ በስሜት ሲተረጉመው ሌላው በሜጋባይት እየቆጠረ ነው።

ከዚህ የተነሳ ሁለት ነገር እንመክራለን። «ላስት ሲን» እና «ኦንላይን» የሚሉት በዋትስአፕም በቴሌግራምም «ፕራይቬሲ» ውስጥ ይጥፉ። «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ኦንላይን ነበርሽ፣ ለእኔ ግን አልመለስሽም» የሚለው ጭቅጭቅ ግማሹ ከዚያች አረንጓዴ ነጥብ ይመጣል። ማሳሰቢያ፦ የራስን ሲያጠፉ የሌላውንም ማየት ይቀራል።

ሁለተኛው መርዶ ነው። በእኛ ባህል ሰው አገር ሆኖ ብቻውን መርዶ አይረዳም፤ የቅርብ ሰዎች ተሰብስበው፣ ማልደው ሄደው ነው የሚያረዱት። የቤተሰብ ግሩፕ ይህን አፍርሶታል። ጎንደር ያለ የአጎት ልጅ «ነፍስ ይማር» ብሎ ይጽፋል፣ ወይም የፕሮፋይል ፎቶውን በሻማ ይቀይራል፤ ሪያድ ያለችው ልጅ የእናቷን ሞት ከአሠሪዋ ኩሽና ቆማ ታነበዋለች። ይህን ለማስቀረት መሣሪያው አለ፣ የሚጠቀምበት ጠፋ እንጂ። ዋትስአፕ ላይ የግሩፑን ስም ነክቶ «ግሩፕ ፐርሚሽንስ» መግባትና መልእክት መላክን ለአድሚኖች ብቻ ማድረግ ነው። ቴሌግራም ላይም «ፐርሚሽንስ» ውስጥ «ሴንድ ሜሴጅስ» የሚለውን ማጥፋት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቀብሩን የሚያስተባብሩት ሌላ ግሩፕ ይክፈቱ፣ መርዶ የሚረዳው ሰው ያለበት ከተማ ወዳጆች እስኪደርሱለት ድረስ ዋናው ተዘግቶ ይቆይ። ለዚህ ሲባል እያንዳንዱ ግሩፕ ቢያንስ ሁለት አድሚን፣ አንዱ አገር ቤት አንዱ ውጭ፣ ይኑረው። አንዱ ሐዘን ላይ ሲሆን ሌላው እንዲሠራ። በስታተስና በስቶሪ የሚለጠፈውን ግን የትኛውም አድሚን አይዘጋውም፤ እሱ ቀድሞ በስልክ ተነጋግሮ የሚያዝ ነው።

ማጭበርበሩን በአጭሩ። «በስህተት በአንቺ ቁጥር ኮድ ልኬያለሁ፣ መልሺልኝ» የሚል መልእክት ከዘመድ ቢመጣም የሚጽፈው ዘመዱ ላይሆን ይችላል፤ አካውንቱ ተወስዶበታል። ስድስቱን አሃዝ የሰጠ ሰው የራሱንም ያስወስዳል፣ ቀጥሎ በስሙ «አስቸኳይ ነው፣ በቴሌብር ላኪልኝ» እየተባለ ለወዳጆቹ ይጻፋል። መከላከያው «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ነው፤ በዋትስአፕ 6 አሃዝ ፒን፣ በቴሌግራም የይለፍ ቃል። ሲሞላ የሚጠየቀው ኢሜይል አይዘለል። ፒኑ ቢረሳና ኢሜይል ባይኖር ሰባት ቀን መጠበቅ ይመጣል። ገንዘብ የጠየቀን ሰው ደግሞ በተራ ስልክ ደውሎ ድምፁን ሳይሰሙ ምንም አለመላክ።

ሲም የመጨረሻው ነው፣ በብዛትም የሚረሳው። ወደ ውጭ የሄደ ሰው አፑን በአገር ቤት ቁጥሩ ለወራት ይጠቀምበታል፤ ስልኩ ካልተቀየረ ይሠራል። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ግን ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። ገዢው ዋትስአፕ ሲከፍት የቆዩ መልእክቶችን አያገኝም፤ በዚያ ቁጥር የተመዘገቡትን ግሩፖች ግን ያገኛል፣ ከዚያ በኋላ የሚጻፈውንም ያነባል። ስለዚህ አዲስ ሲም እንደተያዘ፣ አሮጌው አካውንት ገና ክፍት ሳለ፣ ዋትስአፕ ላይ ሴቲንግ፣ «አካውንት»፣ «ቼንጅ ነምበር»፤ ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ቁጥሩን ነክቶ መቀየር። ግሩፖቹ አብረው ይሻገራሉ፣ ዋትስአፕ ለወዳጆችም ያሳውቃል። 120 ቀን ያልተከፈተ የዋትስአፕ አካውንት በራሱ ይሰረዛል።

አገር ቤት ያለው ሲም ደግሞ በማን ስም እንደወጣ ይጣራ። ልጁ ከመሄዱ በፊት በራሱ መታወቂያ አውጥቶ ለእናቱ የሰጣቸው ሲም ሲጠፋ፣ እናትየው ቴሌ ሄደው ቢሰለፉ ባለቤቱ ይምጣ ይባላሉ። ባለቤቱ ያለው ደማም ነው። ስም ማዛወሩ ሁለቱ በአንድ ቢሮ መስኮት መቆም በሚችሉበት ጊዜ፣ ቲኬት ከመቆረጡ በፊት ይለቅ።